በቀትር የቋጠርኩት ዝንብ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነገረኝ፣ ከሰው ሰማሁ የምለው አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

ጊዜው 1931 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ታኅሣሥ። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ተደላድሎ የተቀመጠበት ዘመን።

ሰዓቱ ልክ ስድስት... ቀትር።

ቦታው ጨሞጋ ወንዝ፣ ጥልቁ ኩሬ ዳር።

የአገሬ ሰው በቀትር ወንዝ አይወርድም። የሌሊቱን ጅብ በስሙ ይጠራዋል፤ የቀትሩን ነገር ግን ስሙንም አያነሳው።

እኔ ወረድኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

የብርጓል እባላለሁ። ያን ጊዜ እንጀራዬ ማተብ ማክረር ነበር። ክርስትና ለሚነሳ ሕፃን ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ክር ጭኔ ላይ አክርሬ አንድ አደርጋለሁ። ግራኝ ስለሆንኩ ክሬ ወደ ግራ ነው የሚከረው። የእኔን ማተብ ከሌላ ሰው ማተብ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለየዋለሁ።

ከእናቴ የወረስኩት ወግም ነበረኝ። የመጨረሻውን ቋጠሮ ሳጠብቅ የባለቤቱን የክርስትና ስም እጠራለሁ። ስም ሳይጠራ ቋጠሮ አይጠብቅም ትል ነበር እናቴ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ስለሠራሁ እጄ ሲያጠብቅ አፌ ሳላዘው ይናገራል።

ባሌ እንዳላማው በኅዳር ታሰረ። ለአርበኞች ጥይት አቀብለሃል ተብሎ።

አቀብሏል፤ ምን እዋሻችኋለሁ።

እስር ቤቱን የሚያዘው ካፒቴን አንድ በሽታ ነበረበት... ዓሣ ማጥመድ። ትንንሾቹን ይዞ መልሶ ውሃው ውስጥ ይለቃቸዋል። ሰው ይዞ የማይለቅ ሰው ለዓሣ ይራራል። በትል አያጠምድም፤ መንጠቆ ላይ ላባና ክር አስሮ ዝንብ አስመስሎ ይሠራል። ገበያ ላይ ጣቶቼን አይቶ ያስጠራኝ ለዚህ ነው።

አስተርጓሚው አቶ ወልደ ሩፋኤል የአምበር ሰው ነበር። ሲናገር ዓይኔን አያይም።

"ኩሬው ውስጥ አንድ ትልቅ ዓሣ አለ። እሱን የሚያስነሳ ዝንብ ከሠራሽ ባልሽን እፈታዋለሁ ይላል።"

"እውነቱን ነው?"

"እኔ ያለውን ነው የምነግርሽ የብርጓል።"

ተማርኩ። መጀመሪያ መንጠቆው ይመረጣል፤ ውሃው ሲጠራ ትንሹ፣ ሲደፈርስ ትልቁ። ላባው ከቀይ አውራ ዶሮ አንገት ይነቀላል፤ ውሃ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ክንፉ ከጅግራ ላባ ይሆናል። ለጥልቅ ውሃ ረጅሙ ዘንግ ይያዛል፤ የሐሩ ገመድ እንዳይሰምጥ ሞራ ይቀባል። ካፒቴኑ ይህን ሲያሳየኝ ድምፁ ይለሰልስ ነበር። ያን ልስላሴውን እጠላው ነበር።

ብዙ ዝንብ ሠራሁ። ዓሣው አንዱንም አልነካም።

ስለ ኩሬው ደግሞ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በክረምቱ የተረሸኑ ሰዎች እዚያ ነው የተጣሉት። ፍትሐት የለ፣ መቃብር የለ። ልብስ አጣቢ እንኳ ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አልፋ አታውቅም።

የዚያን ቀን ቀትር ላይ የሐር ክሩ አለቀ።

ካፒቴኑ እጁን ኪሱ ከተተና አንድ ነገር ጭኔ ላይ ጣለልኝ።

ማተብ ነበር። በቢላ የተቆረጠ... ላብ የጠጣ፣ የወየበ።

በጣቴ ዳበስኩት። ወደ ግራ የከረረ ነው።

የእኔ ሥራ።

"የማን ነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"አትጠይቂ" አለ አስተርጓሚው። "ከእስረኞቹ ነው። ሁሉንም ይቆርጡባቸዋል። እንዳይታነቁበት ነው ይላሉ።"

"የሞተ ሰው ይሆን?"

"የብርጓል... እሰሪ። ሰውዬው እያየሽ ነው።"

የከተማው እኩሌታ የእኔን ማተብ ነው ያሰረው። የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ክሩን ፈታሁት። ላባውን መንጠቆው ላይ አሰርኩ፤ ጠመጠምኩ። በልቤ የነበረው እንዳላማው ብቻ ነበር። ይፈታልኝ፣ ይፈታልኝ እያልኩ...

የመጨረሻውን ቋጠሮ ሳጠብቅ አፌ እንደ ልማዱ ስም ጠራ።

"ወልደ ሚካኤል።"

የባሌ የክርስትና ስም ነው።

አቶ ወልደ ሩፋኤል ደነገጠ። "ምን አልሽ አንቺ?"

"ምንም።"

ከማተቡ የተረፈውን ክር ደግሞ የሰው እግር እንዳይረግጠው ብዬ ኩሬው ውስጥ ጣልኩት። የተቀደሰ ነገር መሬት ላይ አይጣልም። ይህን ሳደርግ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ካፒቴኑ ዝንቧን በዘንጉ ኩሬው ላይ ወረወረ።

ዝንቧ ውሃው ላይ ቆመች። ወንዙ ወደ ታች ይፈሳል... ዝንቧ ግን ካረፈችበት አልተነቃነቀችም።

ወፎቹ ዝም አሉ።

ከዚያ ዝንቧ ቀስ ብላ ወደ ላይ መሄድ ጀመረች። ውሃው ከሚመጣበት ወገን... ሰው በሁለት ጣቱ ይዞ የሚስባት ትመስላለች።

ካፒቴኑ ፈገግ አለ። ጎንበስ ብሎ ውሃው ውስጥ አየ።

ፈገግታው ጠፋ።

ገመዱን ሰበሰበ። ምንም አልከበደውም። መንጠቆው ባዶውን ወጣ፤ ላባውም ክሩም የለም። አንስቼ አየሁት። ቢበጠስ ኖሮ ጫፉ ይቀር ነበር። መንጠቆው ላይ አንዲት ፈትል አልቀረችም።

ተፈትቷል። ዓሣ ደግሞ ቋጠሮ አይፈታም።

ካፒቴኑ ዘንጉን ሣር ላይ ጥሎ ወደ መኪናው ሄደ። ፊቱ የጧፍ መልክ ነበረው። ለአስተርጓሚው አንድ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ።

"ባልሽ ነገ ጧት ይፈታል። ወደዚህ ግን ተመልሰሽ እንዳትመጪ ብሏል።"

"ምን አይቶ ነው?"

አቶ ወልደ ሩፋኤል ወደ ኩሬው ዞሮ አየ። "እጅ" አለኝ።

ደስታዬ ፍርሃቴን በለጠው። እየሮጥኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ፀሐይ ገና አልዞረችም ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል።

እንዳላማው ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል።

"ነገ አልነበር እንዴ?" አልኩት እያለቀስኩ።

"ዛሬ ለቀቁኝ።"

ልብሱ ርጥብ ነው።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ታጠብኩ።"

አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ማተቡ አለ። በጣቴ ዳበስኩት... ወደ ግራ የከረረ፣ የራሴ ሥራ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሱን አልቆረጡትም ብዬ ሳምኩት። ሌላ ነገር ማሰብ አልፈለግኩም።

እህል አቀረብኩለት፤ አልቀመሰም። እሳት አነደድኩለት፤ ልብሱ ግን አልደረቀም። የተቀመጠበት መደብ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ውሻችን ደጅ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል፤ ብጠራው አልገባ አለ። እስር ቤት ሰውን ስንት ነገር ያደርገዋል እያልኩ ለራሴ አስረዳሁ። ሰው የፈለገውን ሲያገኝ ዓይኑን ይጨፍናል።

ጧት በሩ ተንኳኳ።

"የብርጓል... እኔ ነኝ። ክፈቺልኝ።"

የእንዳላማው ድምፅ ነው።

ዞሬ አየሁ። እንዳላማው መደቡ ላይ ተቀምጧል።

"አትክፈቺ" አለኝ በሹክሹክታ።

በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ። ደጅ የቆመውም እንዳላማው ነው። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል፣ ቁምጣው ተቀዷል። ውሻው እግሩን ይልሰዋል።

"አንገቱን እይ" አለ ከኋላዬ ያለው።

አየሁ። አንገቱ ባዶ ነው።

ማተብ የሌለው ሰው በደህና ቀን እንኳ አይታመንም። የሰው መልክ ለብሶ የሚመጣ ክፉ ነገር በአንገቱ ይታወቃል እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

"ማተብህ የት አለ?" አልኩት በበሩ ውስጥ።

"ቆረጡብኝ የብርጓል። አንቺ የፈተልሽልኝን... ክፈቺ እንጂ፣ ቆሜ መዋል አልችልም።"

"ሂድ። በስመ ሥላሴ ሂድ።"

"ምን አደረግኩሽ?"

መወርወሪያውን ገፋሁ። ለመነኝ፤ አለቀሰ። እንዳላማው ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ይህንንም ምልክት አደረግኩበት። ከብዙ ሰዓት በኋላ "እሺ፣ ውሃ ጠጥቼ እመለሳለሁ" አለ። የእግሩ ድምፅ ወደ ወንዙ መንገድ ራቀ። ውሻው ተከተለው።

ቀትር ሊሆን ነው።

ያኔ ነው የአስተርጓሚው ቃል ጆሮዬ ውስጥ የጮኸው። "ሁሉንም ይቆርጡባቸዋል።"

ሁሉንም።

ታዲያ ቤቴ የተቀመጠው ማተቡን ከየት አመጣው?

ቀስ ብዬ ዞርኩ።

"ስምህ ማነው?" አልኩት።

"አንቺ የሰጠሽኝ ነው" አለ። ፈገግ አለ። ጥርሱ መሀል ደለል ነበር።

መወርወሪያውን እንዴት እንደሳብኩት አላውቅም። ነጠላዬን ጥዬ ቁልቁል ሮጥኩ። አፋፉ ላይ ስደርስ አየሁት... ባሌ ኩሬው ዳር ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ውሃ ሊቀዳ ነው።

"እንዳላማው!" ብዬ ጮህኩ።

አልሰማኝም። የወንዙ ድምፅ ይበልጠኛል።

በሳቅና በፍቅር ጊዜ የምጠራው የክርስትና ስሙ አለ። በሱ ብጠራው ይሰማኛል ብዬ ባለኝ ኃይል ሁሉ ተጣራሁ።

"ወልደ ሚካኤል!"

"አቤት" አለኝ።

ድምፁ ከኋላዬ ነበር፤ ከጆሮዬ ሥር፣ እየተንጠባጠበ።

ታች ኩሬው ዳር ውሻው ብቻውን ቆሞ ውሃውን ያያል።