ድምፅ የተከፈለበት መድኃኒት

ንግሥት ኢልማና በሰምዳር ላይ በነገሠች በሰባተኛው ዓመት፣ ጉባኤውን የሚከፍተው የነሐስ መለከት ተነፍቶ ድምፅ አልሰጠም። ነፊው ጉንጮቹ እስኪቀሉ ደጋግሞ ሞከረ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት ነጭ ሳል የሚባለው ደዌ ከባሕሩ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ መዲናይቱ ጎልማር ገባ።

የነጭ ሳል መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በታርቆን ተራራ ዋሻ ውስጥ ዓለት ላይ የሚበቅለው፣ የድንጋይ ሽበት የሚባል ነጭ ተክል። የዋሻው ጠባቂ ልሙራ ትባላለች፤ ገላዋ የአንበሳ፣ ክንፏ የንስር፣ ጆሮዋ ጋሻ የሚያህል ፍጡር ናት። ልሙራ ወርቅ አትቀበልም። ለአንድ በሽተኛ የሚበቃ ሽበት የምትሰጠው አንድ ጤነኛ ሰው ድምፁን ለዘለዓለም ሲሰጣት ነው። ሰጪው በተራራው ግርጌ ባለው ቀዳዳ ስሙን ይናገራል፣ ሽበቱን ይቀበላል፣ ዲዳ ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ባለጠጎች በራሳቸው ፈንታ ሎሌ ይልካሉ። ወደ ዋሻው የወጣ ግን አልነበረም።

ደዌው በበረታ ጊዜ ጉባኤው ተሰበሰበ።

«እያንዳንዱ ለገዛ በሽተኛው ይክፈል» አሉ አፈ ጉባኤው ቆርዳል፤ ድምፃቸው አዳራሹን የሚሞላ ሽማግሌ ናቸው። «ሌላ የሚከፍልለት ሰው ለራስ ምታትም ሽበት ይጠይቃል። ተራራው በአንድ ክረምት ይራቆታል።»

«የድሃው ቤት እኮ የሚሰጠው ድምፅ አልቆበታል!» አለች ሐኪሟ ዚምራ። «ዋጋውን ቤተ መንግሥቱ ይሸከመው። ንግሥታችን አሽከሮቻቸውን ይስጡ።»

«አሽከሮቼስ የማን ልጆች ናቸው?» አለች ንግሥቲቱ በዝግታ።

ናርዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሃያ ዓመቷ ነው። የስምንት ወር ሕፃን ሳለች እናቷ ሰልቢት ድምፅዋን ሰጥታ አድናታለች። በሰምዳር ሕግ ደግሞ መናገር የማይችል ሰው በጉባኤ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ናርዳ ክርክሩን በእጅ ቋንቋ እየተረጎመች ደጅ ለቆሙት ዲዳዎች ታስተላልፍ ነበር። ስለ ዋጋው የሚከራከሩት በሙሉ ዋጋውን ያልከፈሉት መሆናቸውን ያስተዋለችው ያን ቀን ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ድንገት። «ልሙራ ድምፁን ምን ታደርገዋለች?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረው አዩዋት።

«ይህ ዋጋ ከተጣለ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ የጠየቃት የለም?» አለች ናርዳ።

ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ተነሣች። «እንግዲያው አንቺ ጠይቂያት። ቆርዳልና ዚምራም አብረውሽ ይውጡ፤ መልሱን በሦስት ጆሮ መስማት እሻለሁ።»

ናርዳ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አኖረች። «መልሱን ሳልይዝ ብመለስ የሰምዳር ምድር አትቀበለኝ» ስትል ማለች።

ወደ ዋሻው የሚያወጣው መንገድ የድንጋይ ጅቦች በሚኖሩበት ገደል ያልፋል። እነዚህ አውሬዎች ዓይን የላቸውም፤ የሚያድኑት በድምፅ ነው። ሁለቱ ተከራካሪዎች ግን ክርክራቸውን ገደሉ ውስጥ ድረስ ይዘውት ገቡ።

«የአንዱ በሽታ የጎረቤቱ ጥፋት አይደለም» አሉ ቆርዳል።

«የበሽተኛውስ ጥፋት ነው?» ብላ ዚምራ ጮኸች።

የገደሉ ግድግዳ ተንቀሳቀሰ። ዓለት የመሰለው ሁሉ ጥርስ አወጣ። አንዱ ጅብ የቆርዳልን ካባ ከነትከሻቸው ሥጋ ቦጨቀው። ናርዳ የሽማግሌውን አፍ በመዳፏ አፈነች፤ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ። ጅቦቹ ጆሮአቸውን አቁመው ብዙ ከቆዩ በኋላ ተመልሰው ድንጋይ ሆኑ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ያለ ቃል ተጓዙ። ናርዳ የእጅ ቋንቋ አስተማረቻቸው፤ መጀመሪያ «ቁም»ን፣ ከዚያ «ውሃ»ን፣ ከዚያ «ያማል»ን። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው በጣቶቻቸው እየተንተባተቡ ከዚምራ ጋር ክርክሩን ቀጥለው ነበር። ናርዳ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች።

ዋሻው በድምፅ የተሞላ ነበር። ሳቅ፣ ልቅሶ፣ የገበያ ጥሪ፣ የዘፈን ቁራጭ ከጣሪያው እንደ ካፊያ ይወርዳል፤ በወረደበትም ነጩ ሽበት ሲያድግ በዓይን ይታያል። በዚያ ሁሉ መካከል አንዲት ሴት «ናርዳዬ፣ ተኚልኝ፤ ናርዳዬ፣ ትንፋሽሽ ይመለስልኝ» ትላለች። ናርዳ የእናቷ ድምፅ ምን ዓይነት ይሆን እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ገምታለች፤ እንደገመተችው ቀጭን አልነበረም። ጎርነን ያለ፣ ለሳቅ የቀረበ ድምፅ ነበር።

«ልትሰርቁ መጣችሁ?» አለች ልሙራ ከዋሻው ጥግ ተነሥታ።

«ልንጠይቅ ነው» አለች ናርዳ እንባዋን ጠርጋ። «ድምፁ ለምንሽ ነው?»

ልሙራ ሰፋፊ ጆሮዎቿን ዘረጋች። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ለእኔ አይደለም። ሽበቱ የሚበቅለው የሰው ድምፅ ሲዘንብበት ብቻ ነው፤ ለአንድ በሽተኛ የሚሆነውም የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ንግግር ይፈጃል።»

«የግድ የአንድ ሰው መሆን አለበት? የሰምዳር ሕዝብ በሙሉ በዓመት አንድ ቀን ድምፁን ቢሰጥሽስ?»

«ዝናቡ ከየትኛው ደመና ቢመጣ ለሽበቱ ግድ የለውም። ሰዎችን ግን አውቃለሁ፤ ሲታመሙ ይምላሉ፣ ሲድኑ ይረሳሉ። የዘንድሮውን ሽበት በእምነት እንድሰጣችሁ ከፈለጋችሁ መያዣ አምጡ፤ አንድ ሙሉ ድምፅ፣ የማይመለስ።»

«የእኔን ውሰጂ» አለች ዚምራ ወዲያው።

ናርዳ ክንዷን ያዘቻት። «ሐኪሞች ያንሱናል፤ በሽተኛ በምን ትጠይቂያለሽ? ደግሞም ጉባኤው የሚሰማው አንቺንም እኔንም አይደለም፤ አፈ ጉባኤውን ነው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ ይንገሩልን።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ አላመንኩበትም!»

«አውቃለሁ። ያላመኑበትን አይደብቁ፤ እዚህ የሰሙትንም አያጉድሉ። ይማሉልኛል?»

ቆርዳል ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። «የሰማሁትን አንዲት ቃል ብሸሽግ ምላሴ ይድረቅ» አሉ በመጨረሻ።

ናርዳ ለልሙራ «መያዣው የእኔ ድምፅ ነው» ብላ የእናቷ ድምፅ ወደሚወርድበት ጥግ ተራመደች። «እማዬ፣ ሰማሁሽ» አለች። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም፤ ልሙራም የዘንድሮውን ሽበት ሰጠቻቸው።

ጎልማር እንደተመለሱ ቆርዳል በጉባኤው ፊት ግማሽ ቀን ተናገሩ። «እኔ ዛሬም እፈራለሁ» አሉ። «ያለ ሕመሙ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ስለዚህ ሽበቱን ሐኪሞች መርምረው ይስጡ። ነገር ግን አንዱ ሰው ዕድሜውን የሚገብርበት ሸክም ለሁላችን የአንድ ቀን ዝምታ ነው። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ቀጥለውም በሮቹ እንዲከፈቱ አዘዙ። «የከፈሉት ይግቡ!»

«መናገር የማይችል እንዴት ይመክራል?» ብሎ አንድ መስፍን ተቆጣ።

«አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ» አሉ ቆርዳል።

ዲዳዎቹ ገቡ። ሰልቢት ከፊት ነበረች፤ የልጇን ዝምታ ካወቀች ጀምሮ ዓይኗ አልደረቀም። ቃል ኪዳኑን የሚቀበል እጁን ያንሣ በተባለ ጊዜ የመጀመሪያው የእርሷ እጅ ሆነ፤ የቀራት ምንም ድምፅ ሳይኖር። ቀጥሎ ንግሥቲቱ አነሣች። አንዳንድ መሳፍንት ሳያነሡ ወጡ፤ የቀረው አዳራሽ ግን በእጅ ተሞላ።

በመኸር የመጀመሪያ ቀን ፀሐይ ስትወጣ የጎልማር ድምፅ ሁሉ ወደ ተራራው ሄደ። ናርዳ ከተማው ምን ይመስል ይሆን ብላ ማልዳ ከእናቷ ጋር ገበያ ወረደች። ነጋዴው በጣቱ ዋጋ ይጠራል፤ ሰልቢት በጣቷ ትከራከረዋለች፤ የምትበልጠውም እርሷ ነበረች። ማን ለዘለዓለም እንደ ከፈለ፣ ማን እስከ ማታ ብቻ እንደ ከፈለ በዚያ ቀን የሚለይ አልነበረም። ከሳል የዳነ ሕፃን ያዘለች ሴት አጠገባቸው ቆማ ሽንኩርት ትመርጣለች።

ቆርዳል ትከሻቸው እንደታሰረ ከሕዝቡ መካከል ብቅ አሉ። ናርዳን ሲያዩ ጣቶቻቸው ገና ከሩቅ መናገር ጀመሩ፦ «ትናንት አንዱ ለጥርስ ሕመም ሽበት ሲጠይቅ ሰማሁ። ብዬ አልነበረም?»

ናርዳ እጅጌዋን ሰብስባ መልሷን ጀመረች።