ግንዱን የሸጠ ይቀድማል

ከብልባላ በላይ ያለውን ዳገት እንደጀመሩ በረዶ ወረደ። ሰርካለም መሣሪያዋን ጋቢዋ ስር ወሽቃ፣ ዓይኗን ከፊቷ ከሚሄደው ሰውዬ ጀርባ ሳትነቅል ወጣች። የኔሰው ይባላል፤ ግንድ ነጋዴ ነው።

በመንደራቸው ለእግረኛ ድልድይ ግንድ የሸጠ ሰው ቀድሞ ይረግጠዋል፤ ልማድ ነው። ካቻምና የኔሰው «እግሬን ወለም ብሎኛል» አለ። ወንድሟ እሱባለው ይሉኝታ ይዞት በእሱ ፋንታ ረገጠ፤ ግንዱ ከመሃል ተሰብሮ ገደል ይዞት ገባ። የኔሰው ልቅሶው ላይ ደረቱን እየደቃ «የእንጨት ሆድ ማን ያያል?» ይል ነበር። አውቆ ከሆነ ልትገድለው በልቧ ቆርጣለች።

አሁን መንደሩ ሌላ ግንድ ሊገዛ ነው፤ ሻጩም ያው እሱ። ሰርካለም የደን ባለሙያ ስለሆነች ዛፎቹን ሳይቆረጡ እንድትመረምር፣ መምሬ ታፈረም መንደሩን ወክለው እንዲያዩ ተላኩ።

በረዶው ሲያባራ ጠባብ የገደል መንገድ ላይ ደረሱ። የጭላዳ መንጋ በርግጎ ቁልቁል ሲወርድ ድንጋይ ናደባቸው። መምሬ ታፈረ ተንሸራተው እግራቸው ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። ሰርካለም በደረቷ ተደፍታ ክንዳቸውን ያዘች፤ ጎትታ አወጣቻቸው። የኔሰው ቆሞ ያያል።

«ይህ መንገድ የወትሮው አይደለም» አሉት መምሬ እያለከለኩ።

«ያቋርጣል፣ አባ።»

ያደረሳቸው ጎርፍ ከሚያገሳበት ሸለቆ አፋፍ ነው። አሮጌ የጥድ ግንድ ተጋድሞበታል።

«ዛፎቹ ከማዶ ናቸው። አንች ቅደሚ፤ ቀላል ነሽ» አላት።

ሰርካለም የእንጨት መመርመሪያ መሣሪያዋን ከጋቢዋ ስር አውጥታ፣ ሁለቱን ችንካሮቹን በግንዱ ግራና ቀኝ ተክላ አንዱን በመዶሻ መታች። ጤነኛ እንጨት ድምፅን ፈጥኖ ያሳልፋል፤ የበሰበሰ ያዘገየዋል። መሣሪያው ላይ የወጣው ቁጥር ድምፁ በጣም ዘግይቶ መድረሱን ነገራት። ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው። ቁጥሩን በመዳፏ ሸፈነችው።

«እስኪ አንተም ምታው።»

የኔሰው በመጥረቢያው ጀርባ መታው። ግንዱ እንደ ባዶ ጎተራ ጮኸ። እጁ ለአፍታ ቆመ።

«ጤነኛ ነው። እለፊ።»

ጆሮው ያውቃል። ያኔም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሰርካለም መጥረቢያውን መነጨቀችው።

«ጤነኛ ካልህ ቅደም።»

«እኔ ከባድ ነኝ፣ አንች—»

«ቅደም እንጂ የኔሰው፣ ምን ያስፈራሃል?» አሉ መምሬ።

አንድ እግሩን አነሳ፤ መለሰው። ሰርካለም በመጥረቢያው እጀታ ወደ አፋፉ ገፋችው። ተንበረከከ።

«ባዶ ነው።»

«የእሱባለውስ?»

«ሰምቼው ነበር። ይይዛል ብዬ…»

«እግርህስ?»

«አላመመኝም።»

መጥረቢያውን ወደ ላይ አነሳችው። መምሬ ታፈረ አልያዟትም።

«ልጄ፣ እናትሽ ይህን አልሰማችም» አሏት ብቻ።

መጥረቢያው ግንዱ ላይ አረፈ። ደጋግማ መታችው፤ ተሰንጥቆ ጎርፉ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ የኔሰውን ከፊቷ እየነዳች ዳገቱን ወርዳ ወደ መንደር ተመለሰች።

በእናቷ በወይዘሮ የሺሃረግ ደጃፍ ላይ የኔሰው ሁሉን ተናገረ። ጎረቤቱ ወጥቶ ሰማ። እናትየው ጠየቁት።

«በልጄ ተዝካር ከፊት አስቀምጨ ሳበላህ፣ ታውቅ ነበር?»

የኔሰው አንገቱን ደፋ።

«በአፍህ ተናገር።»

«አውቅ ነበር።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ጀርባቸውን ሰጥተውት ገቡ። ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ ጀርባቸውን ሰጡት፤ መምሬ ወደ ፖሊስ ሲወስዱት አብሮት የሄደ ዘመድ አልነበረም።

ሰርካለም ባለመግደሏ ያን ጊዜ ደስ አላት። ምሕረት ግን አልነበረም። ሸለቆው ውስጥ ሞቶ ቢሆን ኖሮ እናቷ ሥራውን ሳያውቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሱለት ነበር።