ማተብ የታሰረበት ድንጋይ

የሕክምና ቦርዱ በሦስት ወር አንድ ቀን ይቀመጣል፤ የሚያየውም ሃያ ሰው ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ በሽተኛ ሁሉ ጎሕ ሲቀድ ይመጣና በጡረታ ቢሮው አጥር ሥር ድንጋዩን በተራው አኑሮ፣ በሩ እስኪከፈት ወይ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል ወይ ከግንብ ተጠግቶ ያሸልባል። ቆሞ መጠበቅ ቢችልማ ኖሮ መች እዚህ ይመጣ ነበር። ዘበኛው ጋሽ ምናሉም በዱላው ጫፍ አንድ በአንድ እየነካ ሲቆጥር፣ “ድንጋይ ካለ ሰው አለ፤ ድንጋይ ከሌለ ሰው የለም” ይላል።

ደብሪቱ በክር ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆመችባቸው ጉልበቶች እምቢ ብለዋታል። ለጡረታ ሦስት ዓመት ይቀራታል፤ ቦርዱ “መሥራት አትችልም” ብሎ የጤና ጉድለት አበል ካልፈቀደላት፣ የሚጠብቃት የወንድሟ ሚስት ማጀት ነው። በዚያ ጭጋጋማ ማለዳ ግንቡን እየዳበሰች ደርሳ ድንጋዮቹን በጣቷ ቆጠረች። ሃያ። ሃያኛው መዳፍ የሚያክል፣ ጥቁር፣ የወንዝ ድንጋይ ነበር፤ ወገቡ ላይ ሰማያዊ ክር ተቋጥሮበታል።

ግራ ቀኙን አየች። እርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል፤ የሚታይ ሰው የለም። “አምላኬ፣ ችግሬን አንተ ታውቃለህ” አለችና በጫማዋ ጫፍ ድንጋዩን ከግንቡ ጎን ወዳለው ቦይ ገፋችው። ቦዩ ጥልቀቱ ክንድ አይሞላም፤ ድንጋዩ ግን ውኃ እስኪነካ ድረስ ብዙ ቆየ።

ደብሪቱ በቦታው የራሷን ድንጋይ አኑራ ተቀመጠች። ፀሐይ ስትወጣ አንድ ሽማግሌ ትንፋሻቸው እያፏጨ፣ ግንቡን ተደግፈው መጡ።

“ድንጋዬን ያየ አለ? ጥቁር ነው። ማተቤን ፈትቼ አስሬበታለሁ።”

“ማተብ ለድንጋይ!” አለ ክንዱን በሻሽ ያንጠለጠለ ጎልማሳ። “ክርስትና አነሱት እንዴ፣ ጋሼ?”

ሰዉ ሳቀ።

“ማተብ ያለበትን ማን ይነካል ብዬ ነዋ” አሉ ሽማግሌው፤ ከዚያ ወደ ደብሪቱ ዞሩ። “እህቴ፣ እዚህ አንቺ ያለሽበት ላይ ነበር። አላየሽም?”

“አላየሁም” አለች፤ ፊቷን ላለማሳየትም ከሳቁት ጋር ሳቀች።

“አባቴ፣ ሕጉን ያውቁታል” አለ ጋሽ ምናሉ። “ለሚቀጥለው ይምጡ።”

ሽማግሌው ባዶ አንገታቸውን እየዳበሱ ግንቡ ሥር ተቀመጡ።

ውስጥ፣ ሐኪሙ ጉልበቷን ተጭኖ አየ። “መታጠፍ ሊያቆም ነው። ዘላቂ መሆኑን በሚቀጥለው ቦርድ አይተን እንወስናለን፤ እንዳይቀሩ” አላት። ስትወጣ ሽማግሌው እዚያው ነበሩ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ አለፈች።

በሳምንቱ ጎረቤቷ አልጋነሽ ወሬ ይዛ ገባች። “ያ ጡረታ ቢሮ ደጅ የተቀመጡት ሰውዬ እኮ እንደተቀመጡ ቀሩ አሉ! የተኙ መስሏቸው እስኪመሽ የነካቸው የለም።”

“ነፍስ ይማር” አለች ደብሪቱ። ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ አሸዋ ተንኮሻኮሸ።

በማግስቱ ጠዋት የግቢው በር ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አገኘች፤ ረጥቧል፤ ሰማያዊ ክሩ አልተፈታም። በጨርቅ ጠቅልላ ወንዝ ጣለችው። በሦስተኛው ቀን ደጃፏ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ የትም ብትጥለው ቤቷ ውስጥ፣ ከበሩ እስከ አልጋዋ ባለው ሲሚንቶ ላይ፣ በየማለዳው አንድ ስንዝር እየቀረበ ያድራል፤ ቤቱም ቦይ ቦይ መሽተት ጀመረ። ብርዱ ከጉልበቷ ወደ ዳሌዋ፣ ከዳሌዋ ወደ ክርኗ ወጣ፤ ባዶ እግሯን ስትራመድ ተረከዟ ሲሚንቶውን ቋ፣ ቋ ያደርገው ነበር።

ድንጋዩ ከአልጋው ሥር በደረሰ ቀን ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች።

“ዋሽቻለሁ፣ አባ።”

“ማንን ነው የዋሸሽው፣ ልጄ?”

ባዶ አንገት የሚዳብስ እጅ ታያት፤ መንጋጋዋ ያዛት። ሰው ማፈር የሚገባው ኃጢአቱን ሲሠራ ነበር፤ እርሷ ግን ያፈረችው መናገሩን ሆነ።

“ጎረቤቴን... በትንሽ ነገር” አለች።

አባ “እንዳቅምሽ ስገጂ” ብለው በመስቀላቸው ባረኳት። በማግስቱ ድንጋዩ አልነበረም። አልጋው ሥር አየች፣ ደጅ አየች፤ የለም። ፈጣሪዋን አመሰገነች። የአልጋዋ ጠፍር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥሯ እየረገበ፣ እየረገበ፣ መሬት ሊነካ ጥቂት ቀረው።

የቦርዱ ቀን እግሯን እየጎተተች በማለዳ ደረሰች። አሥራ ዘጠኝ ድንጋይ። ተመስገን፣ ሃያኛዋ እርሷ ናት። የምታኖረው ድንጋይ ለመፈለግ ማጎንበስ ስላቃታት፣ ተራዋ ላይ ራሷ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። ጭጋጉ መጥቶ ሸፈናት። ልትነሳ ፈለገች፤ አካላቷ አልታዘዛትም። ሰዎች ሲመጡ፣ ሲያስላቸው፣ ስለ ጤናቸው ሲጠያየቁ ትሰማለች፤ እርሷን ግን እንዴት አደርሽ ያላት የለም። በመጨረሻም የጋሽ ምናሉ ዱላ ሲቀርብ ሰማች።

“አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ።” ዱላው አናቷን ቋ አደረገው። “ሃያ። ይሄኛው ባለ ማተብ የማነው?”

“አለሁ” ልትል አፏን ፈለገችው፤ የለም።

“የእኔ ነው” አለ ትንፋሹ የሚያፏጭ አንድ ሰው፤ ሁለት ሙቅ እጆችም ቀስ ብለው ከመሬት አነሷት።