የላዳዋ ታኮ

ጋሽ ባዬ የሞቱት ተንበርክከው ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ያልበላቸውን ሰው፣ እዚህ ቡሬ፣ በነቀምት መውጫ፣ ሾፌር የሌለባት አሮጌ ላዳ ከገዛ አውቶቡሳቸው ጀርባ ጋር አጣብቃ ገደለቻቸው። ያውም በሰንበት ጧት! የከተማው ሰው ደግሞ ሬሳው ሳይነሣ ፍርዱን ሰጥቶ አረፈው። «የወንዳወቅ ብየዳ ነው የፈጃቸው!» አለ።

ኢንስፔክተር ዙፋን ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ ወንዳወቅ ታስሮ፣ የብየዳ ቤቱም በር በድንጋይ ተደብድቦ ነበር። ዐሥር ዓመት በሰው ቤት ተቀጥሮ ሲበይድ ኖሮ የራሱን ቤት ከከፈተ ገና ዓመቱ ነው። ነገ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይቀርባል። ከዚያ ወዲያ በነጻ ቢለቀቅ እንኳ፣ ሰው ገደለ በተባለ እጅ ማን ብረቱን ያስበይዳል?

ዙፋን ማንንም ሳትጠይቅ ቦታውን ዞረችው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ማለት ትወዳለች፤ ሥሩ ደግሞ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው ባይ ናት።

አውቶቡሱ ቤት ሆኗል። ወንበሮቹ ወልቀው አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የውሃ በርሜል ገብተውበታል፤ የሟች ሚስታቸው የወይኒቱ ፎቶ ከመሪው በላይ ተሰቅሏል። ጋሽ ባዬ ጡረታቸውን ከገዳም ገዳም እየዞሩ ሊኖሩበት ነው ያሰናዱት። አውቶቡስ ግን ጠባብ መንገድ አይገባም፤ ስለዚህ ከኋላው የምትጎተት ትንሽ መኪና አስፈለገቻቸው። አውቶቡሱን ሜዳ ላይ አቁመው በትንሿ እስከ ደጀ ሰላሙ ለመድረስ ነው። ዙፋን ወለሉን አየች። ከአልጋው ትይዩ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ባዶአቸውን አፍጥጠዋል።

ወረደችና ጭቃ ላይ ቁጢጥ አለች። ወንዳወቅ የበየደው መጎተቻ ብረት ላዳዋ ሥር ታጥፎ ወድቋል፤ ብየዳው ግን ንቅንቅ አላለም። ማያያዣው ፒን ገና አልገባም፣ አጠገቡ ተጥሏል።

«እትዬ፣ ብየዳው ተበጥሶ ነው!» አላት ከተሰበሰበው ሰው አንዱ።

«አንተ አየኸው?»

«ኧረ እኔስ ሰው ሲል ሰማሁ።»

«እንግዲያ አፍህን ሰብሰብ አድርግ።»

መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ከላዳዋ የፊት ጎማ ወደ ላይ ጥቂት ራቅ ብሎ ድንጋይ ተቀምጦበት የነበረ ጉድጓድ አለ። የጎማው ዱካ በጉድጓዱ ላይ አልፏል። ድንጋዩ ግን ከመንገዱ የለም። ፈልጋ ፈልጋ ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ አገኘችው፤ ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ታች ተደላድሎ ተቀምጧል። አንሥታ አየችው፤ ከሥሩ ያለው ሣር ገና አረንጓዴ ነው። የላዳዋ ጎን ጭቃ ለብሷል፤ ከሾፌሩ በር አጠገብ ግን የትከሻ ስፋት ያህል ተጠርጓል። ዙፋን ከንፈሯን መጠጠችና ወደ እስር ቤቱ ሄደች።

«ላዳዋን ማን አቆማት?» አለችው ወንዳወቅን።

«ራሳቸው። የእጅ ፍሬኗ አይዝም። ብረቱ ቀዳዳው ላይ እስኪገጥም ወዲያ ወዲህ ማለት ስላለባት ማርሿን አውጥተው ፎሌ አደረጓት። እኔ የፊት ጎማዋ ሥር ታኮ ወሸቅሁ። ይህን የሚያህል ድንጋይ ነው፣ እትዬ!»

«ከዚያስ?»

«ብረት ልሞርድ ገባሁ። ማሽኑ ሲጮህ ምን ይሰማል? ስወጣ አለቀ።» እንባው መጣ። «ብየዳዬ አልተላቀቀም! ማን ይመነኝ?»

«ብረቱ ራሱ ይመሰክራል። ዝም በል አሁን።»

ቀጥላ ላዳዋን ያሻሻጠውን ደላላ ቂርቆስን ጠራችው። ጫማው ያብረቀርቃል፤ ምላሱም እንደዚያው።

«እኔ ቪትዝ ነበር ያመጣሁላቸው። እንቁላል የመሰለች! እሳቸው ግን ‹አውቶማቲክ ናት፤ ጎማዋ መሬት ይዞ ከተጎተተች ካምቢዮዋ ይቃጠላል› ብለው መለሷት። ፒካፕ አመጣሁ፣ ‹ከባድ ነው፣ ዳገት ላይ አውቶቡሴን ያፍነዋል› አሉ። መጨረሻ ላይ ትናንት ይችን አሮጊት መረጡ። ፎሌ ካሏት እስከ አክሱም ብትጎተት ምንም አትሆንም።»

«አኩርፈሃላ!»

«ማኩረፉንስ አኩርፌአለሁ። ከእኔ ይልቅ ግን አያ ቢሰጥ ከፋው። ቪትዝ ፈልግ ብሎ የላከኝ እሱ ነው እኮ።»

«ማነው እሱ?»

«ረዳታቸው ነዋ! ዕድሜውን ሙሉ።»

«ረዳት ስለ ቪትዝ ምን አገባው?»

«እሱ የሚችለው አውቶማቲክ ብቻ ነው። በስተርጅና መንዳት ተማረ! ‹ጋሼ አውቶቡሱን፣ እኔ ትንሿን ይዤ ከኋላ ከኋላቸው› እያለ ሰፈሩን ሲያስቀው ነው የከረመ።»

ዙፋን አልሳቀችም።

የሟች ልጅ ውዳሴ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ዙፋን ገና ሳትጠይቃት፣ «እኔ ነኝ የገደልኋቸው» አለች።

«እንዴት አድርገሽ?»

«ትናንት ማታ ‹እማዬ ሞተችብኝ፣ እርስዎም በቁምዎ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው? ጎማው ይክዳዎት!› አልኋቸው። ጎማው ከዳቸው! አፌን በቆረጠው!»

«እርግማን ድንጋይ አያነሣም፣ ልጄ» አለች ዙፋን። እጇን ያዘቻት። «ይልቅስ ንገሪኝ፣ አውቶቡሱ ውስጥ አልጋው ስንት ነበር?»

«ሁለት ነበር። ትናንት ላዳዋ ስትመጣ ነው አንደኛውን ያስነቀሉት። ‹ለብቻዬ ምን ያደርግልኛል› አሉ።»

ቢሰጥን ያገኘችው አውቶቡሱ መወጣጫ ላይ ነው። ስልሳ የሚጠጋው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዘመኑን ሁሉ መዳረሻ ሲጣራ የሻከረ ሰው ነው። የነጠላው የግራ ትከሻ ጭቃ ነክቶታል።

«እግዜር ያጥናዎት፣ አያ ቢሰጥ። ጧት የት ነበሩ?»

«ቅዳሴ።»

«ከጋሽ ባዬ ጋር እንዴት ኖራችሁ?»

«ሠላሳ ዓመት። እሳቸው መሪው ላይ፣ እኔ በሩ ላይ። ማታ እሳቸው አልጋ ይይዛሉ፣ እኔ ጣሪያው ላይ ከዕቃው ጋር አድራለሁ። ጠብ ብሎ ነገር አናውቅም።»

«መሪውን ሰጥተዎት ያውቃሉ?»

«ኧረ ወዲያ! መሪ ለረዳት?» ሊስቅ ፈለገ፣ አልሆነለትም።

«አሁንስ አብረው ሊሄዱ ነበር?»

ሽማግሌው ነጠላውን ሰበሰበ። «እንደ እሳቸው ፈቃድ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ዙፋን አራቱንም አውቶቡሱ ዘንድ ሰበሰበቻቸው፤ ወንዳወቅን ከእስር፣ ውዳሴን ከለቅሶዋ አስመጥታ። የተገኘው ድንጋይ ሣሩ ላይ በነበረበት አለ። ላዳዋ ግን ወደ ላይ ተገፍታ ጧት የቆመችበት ቦታ ቆማለች፤ ሌላ ድንጋይ ታኮ ተደርጎላታል።

«ላዳዋን ወደ ጣቢያ እንወስዳታለን» አለች። «ወንዶች፣ ገፋ አድርጉና በአውቶቡሱ ጎን አሳልፏት።»

አንዱ ፖሊስ መሪውን ያዘ። ሌሎቹ ገፉ። ወንዳወቅ ድንጋዩን በእግሩ መትቶ አወጣውና ላዳዋ ተንሸራታ ወረደች። ድንጋዩ መንገዱ መሃል ቀረ። ወንዳወቅ ተሻግሮት ሄደ። ቂርቆስ ጫማውን አደናቀፈውና ተራግሞ አለፈ። ፖሊሶቹም ዞረውት ሄዱ። ቢሰጥ መጨረሻ መጣ። ቆመ። ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለና ድንጋዩን አቅፎ ወደ ዳር ወሰደው፤ ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ታች አድርጎ አስቀመጠው፤ እንዳይንከባለል በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ ሞከረው፤ እጁን አራገፈ።

ቀና ሲል ሁሉም ያዩታል። ሣሩ ላይ ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ተቀምጠዋል።

«እንግዲህ ስሙ» አለች ዙፋን። «ብየዳው አልተላቀቀም፤ ፒኑም አልገባም ነበር። ስለዚህ ላዳዋን ይዟት የነበረው ብረቱ ሳይሆን ታኮው ነው። ታኮው ሸርተት ብሎ ቢሆን ጎማው ሥር ወይም ጎማው ፊት እናገኘው ነበር። እኛ ያገኘነው ግን ሣሩ ላይ ነው።»

«ከሞቱ በኋላ ሰው አንሥቶት ቢሆንስ?» አለ ቂርቆስ።

«ጎማው ድንጋዩ የነበረበትን ጉድጓድ ረግጦ ነው ያለፈው። ድንጋዩ ቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ የቆመች መኪና ተጭናው ታኮ በእጅ አይወጣም። አንድ ሰው በትከሻው ወደ ላይ ገፋ አድርጎ በእግሩ መሳብ አለበት። የላዳዋ ጎን ተጠርጓል። አያ ቢሰጥ፣ ነጠላዎን ይዩት።»

ቢሰጥ አላየውም።

«ይህን ያደረገው ሰው፣ አጠገቡ ሰው እየሞተ፣ ድንጋዩን ተሸክሞ ከመንገድ አወጣው። በያጅ እንዲህ አያደርግም፤ ደላላም አያደርግም፤ አይታችኋል። ረዳት ግን ታኮውን መንገድ ላይ ጥሎ አይሄድም፤ ድንጋዩ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ይገለብጣል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቪትዟ ብትመረጥ ከኋላ የሚነዳት ሰው ያስፈልግ ነበር። ላዳዋ ስትመረጥ የእርስዎ አልጋ ተነቀለ።»

ውዳሴ፣ «አያ ቢሰጥ?» አለች። «እሽኮኮ እያሉ ያሳደጉኝ?»

ሽማግሌው መወጣጫው ላይ ተቀመጠ። «ቅዳሴ ስሄድ ተንበርክከው አየኋቸው። ‹ጋሼ፣ እኔስ በምን ልሄድ ነው?› አልኋቸው። ቀና እንኳ አላሉም። ‹ያለ ሰው የምትከተለኝን ነው እኮ የመረጥሁ› አሉኝ።» ፊቱን በነጠላው ጠረገ። «ሠላሳ ዓመት ተከተልኋቸው እቴ! ሰው አልነበርሁም?»

 ወንዳወቅ ነጻ መሆኑ ነው፣ ግን ደስታው የት እንደገባ እንጃ፤ እሱም ያለቅስ ነበር።

ዙፋን ካቴናውን ለቢሰጥ ራሷ አሰረችለት። «ድንጋዩን እዚያው ቢተዉት እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሸርተት ብሎ ነው እንል ነበር።»

ቢሰጥ የተሰደበ ያህል ደንግጦ አያት። «እንዴት ብዬ ልተወው? መንገድ ላይ? ሰው ይፈጃል እኮ!»

የፖሊሶቹ ፒካፕ ላይ አወጡት። ዙፋን ከፊት ገባች፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ተንቀሳቀሰ። ከኋላ ጣሪያው ሁለት ጊዜ ተመታ፤ ረዳት ሾፌሩን አቁም ሲል እንደሚመታው ነው።

«ምን ሆኑ?» አለ ሾፌሩ በመስኮት።

«ታኮው» አለ ቢሰጥ፣ በታሰረ እጁ ወደ መንገዱ እያሳየ።

ቁልቁለቱ ላይ ቆመው ነበርና ፖሊሶቹም ለፒካፑ ድንጋይ ደግፈውለት ነበር፤ መንገዱ መሃል ቀርቷል። ዙፋን ወረደች። ድንጋዩን ተሸክማ ሣሩ ላይ፣ ከሁለቱ አጠገብ አስቀመጠችው።