የመጀመሪያው አውራ ጣት

«ግማሽ ኪሎ፤» አለ ወንድይራድ፣ መጠቅለያ ይሆን ዘንድ ያመጣውን የደብተር ወረቀት እየዘረጋ።

ገሪማ ወረቀቱን ተቀብሎ ከሚዛኑ ሥር ወሸቀው። ቡናውን የጠቀለለው በሌላ ወረቀት ነበር።

ከዲላ ወጣ ብሎ፣ በጪጩ ገበያ መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ልብ አላለም።

ገሪማ ለገበያተኛው ቡና ነጋዴ ነው። ለወንድይራድ ግን «አጎት» ነው፤ ከአዲስ አበባ ትእዛዝ የሚያቀብለው። ወንድይራድ የሚለውም እውነተኛ ስሙ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1952 ዓ.ም.፣ ዲላ አማርኛ አስተማሪ መስሎ ሲገባ የተሰጠው ነው።

«ጭሰኞቹ በባለመሬቱ ላይ ያዘጋጁትን አቤቱታ ፈረሙ?» አለ ገሪማ።

«አርባ አንድ ሰው። ሁሉም በአውራ ጣት።»

«ቀንደኛው?»

«በክብ ነው የፈረሙት። ማን እንደጀመረ አይታወቅም።»

«ይሄን ተንኮል ማን አስተማራቸው?»

«ሙሴ ስቶያን።»

«ቡልጋሪያዊው?» ገሪማ ሳቀ። «ሒሳብ ያስተምር ብለን አስገብተነው!» ሳቁ ቶሎ ጠፋ። «እስከ ማክሰኞ ወረቀቱን ከነቀንደኛው ስም አምጣ። ጭሰኛ ከሆነ ወህኒ ይገባል፤ አይወጣም። ፈረንጁ ከሆነ በሞያሌ ወደ ኬንያ ይሸኛል።»

«ሌሎቹስ?»

«ማን ይፈልጋቸዋል? ወደ ቡናቸው ይመለሱ።»

ወንድይራድ ቀንደኛውን ያውቅ ነበር። ጭሰኛው ሽብሩ ነው። ወንድይራድን ወባ የጣለው ጊዜ ከጪጩ እስከ ዲላ ክሊኒክ በጀርባው አዝሎ ያደረሰው ሽብሩ። ስሙን እስካሁን በአንድም ሪፖርት ላይ አልጻፈም።

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጭሰኞቹ እንደወትሮው በሽብሩ የእንሰት ጓሮ ተሰብስበው ከስቶያንና ከወንድይራድ ተማሩ። ሽብሩ ለሁሉም ቆጮ አደለ።

«ሙሴ እንደ ጌዴኦ ይበላል፤ እንደ ፈረንጅ ያማርራል!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው ስቶያንም ሳቀ።

ሰዉ ተበትኖ ሁለቱ መምህራን ብቻ ሲቀሩ፣ ስቶያን የእጁን ጠመኔ አራገፈ።

«መምህር፣ በየቅዳሜው ቡና ትገዛለህ።»

«እገዛለሁ።»

«ሁለት ዓመት። ቤትህ ግን ጀበና የለም። ቡና አትጠጣም።»

ማንነቱን አውቆበታል።

የወንድይራድ እጅ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ። ሽጉጡ እዚያ ነበር።

«ተው። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ለምን?»

ሽማግሌው ግንድ ላይ ተቀመጠ። «በአገሬም አስተማሪ ነበርኩ። የባዕድ ገዢዎቻችን በቋንቋችን ማስተማር ከለከሉ፤ እኔ አስተማርኩ። የምስጢር ትግል ኮሚቴ ጸሐፊም ነበርኩ። በወንጌልና በጩቤ ላይ ማልን። አንድ ቀን፣ መካከላችሁ ሰላይ አለ ተባለ። ዲሚታር ነው አሉ፤ የመዝሙር አስተማሪ፣ ጓደኛዬ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ሰላዩ እሱ አልነበረም። ክፍል በገባሁ ቁጥር ዲሚታር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያየኛል። ዲላም ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ሁለተኛ ሰው አልጨምርበትም። አንተንም።»

ከመጽሐፉ መሀል አቤቱታውን አወጣ። ከአርባ አንዱ አሻራ አንደኛው፣ ቀለሙ ሳይሳሳ ቀድሞ የታተመው፣ ከሁሉም ይጠቁራል፤ መሀሉ ላይ የገጀራ ጠባሳ ይታያል። ወንድይራድ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ የሽብሩን ጣት ያውቀዋል።

ስቶያን የቀለም ብልቃጡን ከፈተ። አውራ ጣቱን ነከረ። ጠባሳው ላይ ደፍቆ አተመው።

«አለቆችህ ቀንደኛ ይፈልጋሉ። አሁን የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ውሰደው።»

«ወደ ኬንያ ነው የሚሸኙህ፤» አለ ወንድይራድ።

«በአገሬ አዲሶቹ ሹማምንት በሌለሁበት ሞት ፈርደውብኛል። ኬንያ ከሆነ ግን ደህና። ሙቀት እወዳለሁ።»

ማክሰኞ ወረቀቱ ገሪማ እጅ ገባ።

ረቡዕ ጧት አንድ ላንድሮቨር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ስቶያንን ከሒሳብ ክፍል አወጡት። ወንድይራድ በመስኮት እያየ ነበር። ወደ ደቡብ ይርጋጨፌ፣ ሞያሌ፣ ኬንያ። ወደ ሰሜን አዲስ አበባ።

መኪናው ወደ ሰሜን ዞረ።

ወንድይራድ ጪጩ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነበር።

«ሞያሌ ብለኸኝ ነበር!»

«ሞያሌ ባልልህ ወረቀቱን ታመጣ ነበር?» ገሪማ ቀና አላለም። «የአገሩ ሰዎች አዲስ አበባ ይጠብቁታል። እኛም ከነሱ የምንፈልገው ሰው አለን። ልውውጥ ነው።»

«ይገድሉታል።»

«ሥራህን ጨርሰሃል። ሰኞ ወደ ጎሬ ትሄዳለህ። አዲሱ ስምህ እዚያ ይጠብቅሃል።»

ሰኞ ጧት አውቶቡሱ ሲሞላ ሽብሩ መጣ። ለመንገድ የሚሆን ቆጮ በቅጠል ጠቅልሎ ይዟል።

«መምህሬ፣ አንተም ልትሄድ? ሙሴ በሄደ በአምስት ቀኑ?»

«ተዛውሬ ነው።»

«እኛስ ሙሴን የሸጠውን አገኘነው። ባለሱቁ ፈድሉ ነው። ለፊርማው ቀለም የሸጠልን እሱ፣ ከእኛ ሌላ ስለወረቀቱ የሚያውቅ እሱ። የኛ ልጆች አሁን ሱቁን ከበውታል። እኔም አንተን ሸኝቼ ልደርስ ነው።» በወገቡ ገጀራ ነበር።

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ወንድይራድ እግሩን ደረጃው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ዝም ቢል ማንም አያውቅም።

«ፈድሉ አይደለም።»

«በምን አወቅህ?»

«እኔ ነኝ።»

ሽብሩ ፊቱን አየው። ገጀራውን አልነካም። የያዘውን ቆጮ አጠገቡ ለቆመች መንገደኛ ሰጣት።

«ለመንገድሽ፤» አላት።

ከዚያ ወደ ሱቁ መሮጥ ጀመረ።

ጎሬ ላይ አቶ ተክለጻድቅ ይባላል፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ያገላብጣል። ሽብሩ ለፈድሉ በጊዜ ደረሰለት? አልደረሰለትም? የሚነግረው የለም። ጽፎ እንዳይጠይቅም፣ ወንድይራድ የሚባል ሰው ዲላ ኖሮ አያውቅም።