ከበርሜሉ መስኮት ውጭ

አበርዲን ከተማ ባለው የሕሙማን መርጃ ማኅበራችን ቤት፣ ሁላችንም «በርሜሉ» የምንለው የብረት ክፍል አለ። ስድስት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በሩ ሲዘጋ አየሩ ባሕር ውስጥ የጠለቁ ያህል ይጫናል፤ ከዚያ ኤም ኤስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ጭንብል አጥልቀው ንጹሕ ኦክስጅን ይስባሉ። እኔ ሞራግ በበጎ ፈቃድ የግፊቱን መዘውር አዞራለሁ፤ በክቧ መስኮትም እያየሁ እጠብቃቸዋለሁ። ጤነኛ ስለሆንኩ ውስጥ ወንበር የለኝም።

ላክላን የሚባለው ታማሚ መጀመሪያ የመጣ ቀን በርሜሉን በከዘራው መታ መታ አድርጎ ሳቀ። በሰሜን ባሕር የነዳጅ ጉድጓዶች ላይ ጠላቂ ነበር፤ ሰውነቱ የጥልቁን ግፊት እንዲለምድ እንዲህ ያለ ብረት ውስጥ ሳምንታት ኖሯል።

«ድሮ እዚህ እንድገባ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር» አለኝ። «አሁን ለምኜ ልገባ ነው። ጉድ እኮ ነው!»

«ካልፈለግክ በሩ ያውልህ።»

«አቤት ምላስ! ስምሽ ማነው?»

ከዚያ ወዲህ እሱ በሚመጣበት ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከንፈሬን ቀለም መቀባት ጀመርኩ።

«ሐኪሜ ጥናቶቹ ለኤም ኤስ ጥቅም አላሳዩም ይላል» አለኝ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን። «ሽማግሌው ዊሊ ደግሞ ሌሊት ሽንት ቤት መመላለሱን የተወው በዚህ ነው ብሎ ይምላል። ማንን ልመን?»

«ሞክረውና ራስህን እመን» አልኩት። በልቤ ግን ይድናል ብዬ ቆርጬ ነበር። እንዲድንልኝ እፈልግ ነበር።

ከዚያ ሺና መጣች። አዲስ ሰው ሲመጣ ግፊቱ የሚደፍነውን ጆሮውን እንዴት እንደሚከፍት የሚያሳየው ሰው አጠገብ ይቀመጣል፤ ደንባችን ነው። ከጠላቂ የበለጠ ማን ያውቃል? ላክላን አጠገብ ያስቀመጥኳት ራሴ ነኝ፤ በገዛ እጄ!

እሱ አፍንጫውን ይዞ ትንፋሹን ሲገፋ እሷም እንደሱ ታደርጋለች፤ ይሳሳቃሉ። በሳምንቱ አንድ የቃላት እንቆቅልሽ መጽሐፍ ለሁለት ይዘው ገቡ፤ ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። በጭንብል ማውራት ባይቻልም ሳቅ በዓይን ያስታውቃል። እኔ ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ ደሜ ይፈላል።

የባሰው ደግሞ ከበርሜሉ ሲወጡ ነው። «ድካሙ ዛሬ እንደ እርጥብ ካፖርት ነው» ሲላት «አውቀዋለሁ» ትለዋለች። በእውነትም ታውቀዋለች። እኔ ግን እገምታለሁ እንጂ አላውቅም። በበሽታዋ ቀናሁባት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ግን መታገሥ አልቻልኩም።

«ሺና፣ የዚያ ወንበር የኦክስጅን ቱቦ ያፈሳል። ዊሊ አጠገብ ተቀመጪ» አልኳት።

ላክላን ከተቀመጠበት ብድግ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቱቦ ያፈሳል? ሁላችሁም ውጡ! ማንም እንዳይገባ!»

ለጠላቂ የሚያፈስ ቱቦ ቀልድ እንዳልሆነ እንዴት ዘነጋሁት! ቱቦውን ፈታታና ሳሙና በውሃ በጥብጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባው፤ አየር ከፈተበትና አረፋ ፈለገ። ጣቶቹ እየደነዘዙበት ሁለቴ ጣለው። ልርዳህ ብለው እንኳ አልሰማኝም።

«ኧረ በእግዜር፣ አርጅቼ ልሞት ነው!» አለ ዊሊ ከሻይ ጠረጴዛው።

አንዲት አረፋ አልወጣችም። ላክላን ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ሺናን፤ ከዚያ ተመልሶ እኔን። ሺና ቀድማው ገብቷታል።

«በሉ ተነጋገሩ» አለች። «እኔ ዊሊ ይሻለኛል፤ ይሄ ጠላቂ እንቆቅልሽ ሲፈታ ፊደል ይሳሳታል።»

ሌላ ሰው መዘውሩን ተረከበኝና ሌሎቹ ገቡ። እኛ ባዶው የሻይ ጠረጴዛ አጠገብ ቀረን።

«ቀንተሽ ነው?»

«አዎ፣ ቀንቼ ነው! ምን ይጠበስ?»

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

«ኦክስጅኑ ለእኔ ምንም አላደረገልኝም፣ ሞራግ። ሺና ድካሜን ያቀልልኛል ትላለች፣ እሰየው። እኔ ግን ከፋሲካ በፊት ነው ያወቅኩት። እግሬ እንዲያውም ብሷል።»

«ታዲያ ለምን ትመጣለህ?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ስለምታዪኝ ነዋ! ውጭማ ሻይ ስትቀጂ፣ ወንበር ስትገፊ፣ መች ዓይንሽ ያርፋል?»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ስንት ሐሙስ መዘውሩን ሳዞር እሱን እያዳንኩ መስሎኝ ኖሯል።

«ከእንግዲህ አልገባም» አለ። «ስለዚህ ልጠይቅሽ፤ የወደድሽው የሚድነውን ላክላን ነው ወይስ ይሄኛውን?»

አፌን ስከፍት በእጁ ምልክት አስቆመኝ።

«አትቸኩዪ። አንድ ቀን እጄም እምቢ ይለኛል። የምታጥበኝ፣ ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ ነርስ ቤታችን ልትመጣ ትችላለች።»

«ቤታችን» ማለቱን ሰምቻለሁ። እሱ ያለውን ሳያስተውል መሬት መሬቱን ያያል።

«ወጣት ናት?» አልኩት።

«ማን?»

«ነርሷ።»

«እኔ ምን አውቄ! ገና አልመጣችም እኮ!»

«ከአሁኑ ጠልቻታለሁ» አልኩትና እንባዬን በእሱ እጅጌ ጠረግኩ።