የገብረ አምላክ ልጅ ቤት

ወርቅአገኘሁ ፀደይ ቤት መጀመሪያ በገባ ቀን ወንድሟ ትእዛዙ ጓሮ ፍየል አርዶ እየገፈፈ ነበር። እጁ እስከ ክርኑ ደም ነክቶታል። እንግዳው በጓሮው በር አጮልቆ ሰላም ቢለው፣ ትእዛዙ ካራውን በጥርሱ እንደነከሰ ራሱን ነቅንቆ መለሰለት።

ፀደይ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰቆጣ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ የአበርገሌ ፍየል ጥብስና ጠጅ ትሸጣለች። እንግዳው ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ለማየት የሚመጡ ጎብኚዎችን ያስጎበኛል። ከወልድያ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው። ጎብኚው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑን አይቶ ሲመለስ «አሁን የት እንብላ? ምን እንጠጣ?» እያለ ስላስቸገረው፣ የከተማውን ቤቶች አንድ በአንድ እየቀመሰ በደብተር ይጽፍ ጀመር።

ፀደይ ጠጁን ስትጨምርለት ጽሑፉን በትከሻው ላይ አየችው።

«ምንድን ነው የጻፍከው?»

«ጠጁ ጣፋጭ ነው ብዬ።»

«ጣፋጭማ ብርዝ ነው። ሦስተኛው ብርሌ ላይ እግር ይይዛል ብለህ ጻፍ።»

«ጎብኚውን ታስፈሪብኛለሽ።»

«ይፍራ። የፈራ ቀስ ብሎ ይጠጣል።»

ሳቀ። እሷም ወደ ማድቤት ገብታ ብቻዋን ሳቀች።

በማግስቱ መጣ፤ በሳልስቱም። ረቡዕና ዓርብ ከሽሮ በቀር የለም ብትለው ለሽሮውም መጣ። ሌላውን ቤት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቀምሶ እሷ ቤት ለምን ስድስቴ እንደተመላለሰ ስትጠይቀው ደብተሩን ዘጋና ዝም ብሎ አያት። ዐይኑን አልሰበረም። ቀድማ ፊቷን ያዞረችው እሷ ናት፤ የዚያን ቀን ጥብሱ አረረባት።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ሰው ሲሳሳ እጇን ይይዛታል፤ እሷም አትነጥቀውም። ትእዛዙ እንኳ ወዶት ጉበቱን ለብቻ ያስቀምጥለት ነበር።

አንድ ቀን «የቤትሽን ስም ምን ብዬ ልጻፍ?» አላት።

«ስም የለውም። ሰው የገብረ አምላክ ልጅ ቤት ይለዋል። አባቴ ነው።»

«አገራቸው የት ነው?»

«ደሃና፣ ከአምደወርቅ ወዲያ። በመሬት ወሰን ተጣልተው በመጥረቢያ ገደሉት። ሰባት ዓመት ሆነው።»

ብዕሩ ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ አልበላ አለው። «አሞሃል?» ትለዋለች፤ «ደህና ነኝ» ይላታል። ፀደይ ሰለቸሁት ብላ አሰበች። ሌላ ሴት ይሆን ብላም ሁለት ቀን ተቃጠለች።

በሳምንቱ፣ የገበያ ዕለት፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ብዙነህ የሚባል ከአምደወርቅ በኩል የመጣ ገበሬ አራተኛ ብርሌውን እንደያዘ ወርቅአገኘሁን አተኩሮ አየው።

«አንተ፣ የምሳው ልጅ አይደለህም?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ምሳው ማለት ገብረ አምላክን የገደለው ሰው ነው። እስር ቤት ገብቶ እዚያው ታሞ ሞቷል። ወልድያ ያደገውን ልጁን ግን በዚያ ቤት ከብዙነህ በቀር መልኩን የሚያውቅ አልነበረም።

ወርቅአገኘሁ ወደ ፀደይ አየ።

«ነኝ» አለ።

ትእዛዙ ሥጋ ከሚመትርበት ግንድ ካራውን እንደያዘ መጣ። አልጮኸም፤ አልተሳደበም። የመጀመሪያው ምት ቀኝ ትከሻውን በስቶ ገባ። ወርቅአገኘሁ ከነበርጩማው ወደ ኋላ ወደቀ፤ ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ብርሌው ሁሉ ተከሰከሰ። ሰው በሩ ላይ ተጋፋ። ትእዛዙ ደረቱ ላይ ተንበርክኮ ካራውን ሲያነሳ፣ ወርቅአገኘሁ በግራ እጁ ስባሪ ብርሌ አንስቶ ፊቱን ሸረከተው። ከቅንድቡ እስከ ጉንጩ ተተረተረ። ደሙ ዐይኑን ቢሸፍነውም ትእዛዙ አልቆመም፤ በጭፍን ወጋ፤ ካራው ጎኑን ስቶ ወለሉን መታ። እንደገና ሲያነሳ ፀደይ ስለቱን በባዶ እጇ ያዘችው።

ወንድሟ ሳበ። ጣቶቿ እስከ አጥንት ሲቆረጡ ተሰማት፤ አልለቀቀችም።

«እኔን ቁረጥ» አለችው።

ደሙ የማን እንደሆነ ያየው ያን ጊዜ ነው። ካራውን ጥሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ቀጥ አለ።

በሦስተኛው ቀን ፀደይ እጇ ተጠቅልሎ ወርቅአገኘሁ የተኛበት የሆስፒታል ክፍል ገባች። ቆማ ቀረች እንጂ አልጋው ጫፍ አልተቀመጠችም።

«ታውቅ ነበር?»

«ስሙን የነገርሽኝ ቀን አወቅሁ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ብነግርሽ በዚያ በር ሁለተኛ አታስገቢኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ እያልኩ ቆየሁ።»

«የአንተ አንድ ቀን ሁላችንንም ሊያስቀብረን ነበር» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እሱም አላባበላትም።

ትንሽ ቆይቶ «ለፖሊስ ማን እንደወጋኝ አላየሁም ብያለሁ» አላት። «በቤቱ የነበረውም ሁሉ አላየንም ብሏል። አንቺም እንደዚያው በዪ። ምስክር ካጡ በጥርጣሬ የያዙትን ወንድምሽን ይለቁታል።»

ፀደይ እንባዋን ጠረገች። ወንድሟን ታውቀዋለች። ዛሬ ቢለቀቅ የጀመረውን ይጨርሳል፤ ከዚያ የምሳው ዘመዶች ተራቸውን ይመጣሉ። ከሆስፒታሉ ወጥታ በእግሯ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

«የወጋው ወንድሜ ነው። የእኔንም እጅ የቆረጠው ያው ካራ ነው» ብላ ፈረመች።

ማታውኑ እናቷ ወለተ ሚካኤል ልብሷን አውጥታ ደጅ በተነችው። «የአባትሽን ደም ረግጠሽ ለገዳይ ልጅ ስትዪ ወንድምሽን አሳልፈሽ ሰጠሽ። ከእንግዲህ እናት የለሽም» አለቻት። በማግስቱ የአጎቷ ልጆች ጠጅ ቤቷን በድንጋይ ቀጠቀጡት። መስኮቱ ረገፈ። የጠጁ ጋን ተሰብሮ የወር ድካሟ በር ድረስ ፈሰሰ፤ አንዱ ድንጋይ ጆሮዋ ሥር ፈነከታት። ደሟን በነጠላዋ ጠርጋ፣ የተረፈውን ሥጋ በአንድ እጇ ከትፋ ወጥ ሠራችና ለትእዛዙ ወህኒ ቤት ይዛ ሄደች።

መለሰው። ትእዛዙ ሦስት ዓመት ተፈርዶበትም በየቀኑ ትወስድለታለች፤ በየቀኑ ሳይነካ ይመልሰዋል። ወርቅአገኘሁ ከሆስፒታል ወጥቶ ልሸኝሽ ሲላት «ይህን መንገድ ብቻዬን ልሂደው» ትለዋለች። ቀኝ እጁን ከደረቱ በላይ ማንሳት አይችልም። በግራው የተሰበረውን መስኮት ገጥሞላት ነበር።

ሁለተኛው ወር ሲገባ ትእዛዙ ራሱ ወደ አጥሩ መጣ። ጠባሳው ዐይኑን ወደ ታች ጎትቶታል።

«ለምን ተናገርሽ?»

«እሱ እንዲኖር። አንተም የሰው ነፍስ ይዘህ እንዳትቀር።»

አጥሩን ጨበጠ።

«አባታችንን የገደለው እሱ እንዳልሆነ ያን ቀንም አውቅ ነበር» አለ። «እያወቅሁ ነው የወጋሁት። ይቅር ብዬዋለሁ አልልሽም፤ አልቻልኩም። ግን አልገድለውም። የነፍስ አባታችንን ቄስ የኔሰውን ላኪልኝ፤ በመስቀል እምላለሁ።»

ከዚያ ምግቡን ተቀብሏት ቆሞ በላ።

ቄስ የኔሰው መሐላውን ይዘው ከሽማግሌዎች ጋር ወለተ ሚካኤል ደጅ ቆሙ። ሦስት ጊዜ በር ዘጋችባቸው። በአራተኛው ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና «እርስዎ አስምለዋል፣ ልጄ ምሏል። እኔ ብቻዬን ደም ይዤ የት እደርሳለሁ?» አለች።

እርቁም የፀደይና የወርቅአገኘሁ ሰርግም ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቀን ወለተ ሚካኤል ቤት ሆነ። ዘፈን አልነበረም። የምሳው ሚስት፣ የወርቅአገኘሁ እናት አመተ ሥላሴ ከአምደወርቅ በሚኒባስ መጥታ፣ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ሸፍና በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ማንም ግቢ አላላትም። ፀደይና ወርቅአገኘሁ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ወደ በሩ አዩ።

ወለተ ሚካኤል ተነሣች። ሴትዮዋን በክንዷ ይዛ አመጣችና መሶቡ አጠገብ ከራሷ ጎን አስቀመጠቻት። ከወጡ ጠቅልላ ወደ አፏ ዘረጋችላት።

«ከሩቅ መጥተሻል» አለቻት፣ እንደ እህቷ አንቺ ብላ፤ «ብዪ።»